አውራሪሱ እና አደራ በላዎቹ

የልጆች ቴሌቪዥን አጫዋቾችን መሳቂያ ያደረገ ፊልም በወጣ ቁጥር ተመልካች ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «ልጅ በሚያምነው ሰው ላይ ምን ያስቃል? ነውር ነው» ይላል፤ ሌላው «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ሁለቱ ወገኖች ከሃያ ዓመት በኋላም ያልታረቁበት ፊልም ዳኒ ዴቪቶ ያዘጋጀው «ዴዝ ቱ ስሙቺ» ነው፤ በእኛ አፍ «ሞት ለስሙቺ» እንደማለት። እ.ኤ.አ. በማርች 2002 አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት ገባ (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 9 ሚሊዮን እንኳ ሳያስገባ ወረደ። ስመ ጥሩው ሐያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ግማሽ ብቻ ሰጠው። ሮቢን ዊሊያምስ በዓመቱ መጥፎ ትወና ለሚሰጠው የፌዝ ሽልማት፣ ለራዚ፣ ታጨ። በፊልሙ የተጫወተው ጆን ስትዋርት ራሱ በኋላ በቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ላይ ሲቀልድበት ኖረ። እንዲህ ተዋርዶ የወረደ ፊልም ይረሳል ሲባል፣ በዲቪዲና በሌሊት የቴሌቪዥን ሰዓት እየተመለከቱ የወደዱት ሰዎች ከዓመት ወደ ዓመት በረከቱ። ዛሬ ስለ እሱ የሚሰጠው አስተያየት ወይ «ቆሻሻ» ወይ «ያልተረዳችሁት ዕንቁ» ነው፤ መሐል ላይ የሚቆም ጥቂት ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሬይንቦ ራንዶልፍ የሚባል የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ፣ ዊሊያምስ ነው የሚጫወተው፣ ልጃቸው በፕሮግራሙ ላይ እንዲታይ ከሚፈልጉ ወላጆች ጉቦ ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ጣቢያው ከቅሌቱ ለመንጻት እንከን የማይወጣለት ሰው ሲያስፈልግ ሼልደን ሞፕስን ያገኛል። ኤድዋርድ ኖርተን የሚጫወተው ሼልደን የአውራሪስ ልብስ ለብሶ፣ ጊታር አንግቶ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ለመላቀቅ በሚታከሙ ሰዎች ክሊኒክ ውስጥ ሲዘፍን የኖረ የዋህ ነው። ለልጆች ስለ እንጀራ አባት እንኳ ይዘፍናል፤ ሰውየው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ቤቱን እየለመደ ስለሆነ ታገሡት ይላል። አውራሪሱ ስሙቺ ባንድ ጊዜ ይነግሣል። ራንዶልፍ ለበቀል ይነሣል፤ የአርቲስት ወኪሉ፣ የጣቢያው አለቃ፣ በበጎ አድራጎት ስም የሚነግዱ ወሮበሎች ሁሉ ከአውራሪሱ ቆዳ የየድርሻቸውን ለመግፈፍ ይሰለፋሉ። ሰው ይገደላል፣ ስድቡም ዝናብ ነው።

በዚህ ፊልም ላይ የሚነሣው ጠብ ስለ ስድቡና ስለ ደሙ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ የባሰ ስድብና ደም ያለባቸው ፊልሞች ማንም ሳይጮህባቸው አልፈዋል። ጠቡ በአማርኛ አንድ ቃል ያለው ነገር ላይ ነው፤ አደራ። የልጆች አጫዋች ሙያው ዘፈንና ጨዋታ ቢመስልም ደመወዙ የሚከፈለው ለአደራው ነው። እናት ወጥ ለማውጣት ጓዳ ስትገባ ልጇን ቴሌቪዥኑ ፊት ትታ የምትሄደው፣ እዚያ መስታወት ውስጥ ያለውን ሰው ሳታውቀው ስላመነችው ነው። ስለዚህ ጥቁር ኮሜዲ እዚህ ሙያ ላይ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት «ጨልሟል ወይ?» ተብሎ አይደለም። ዱላው ማን ጀርባ ላይ አረፈ? አደራ በበላው ላይ ነው ወይስ አደራ በሰጠው? የእኔ ሙግት ይህ መለኪያ የተመልካቹን አስተያየት ሁሉ በየቦታው ያስቀምጠዋል የሚል ነው፤ «ስሙቺ»ንም ጠላቶቹ ከሚሉት የተሻለ፣ ወዳጆቹ ከሚሉት ያነሰ ያደርገዋል።

ለአማርኛ ተመልካች ነገሩ ከአሜሪካኖቹ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የእኛ የልጆች ቴሌቪዥን የጀመረው በዝምድና መጠሪያ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ የሚለውን ስም ብዙ ሰው ላያስታውስ ይችላል፤ አባባ ተስፋዬን ግን ያላወቀ የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1964 ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ገቡ፤ 42 ዓመት ያህል፣ ንጉሡንም ደርግንም ኢሕአዴግንም አሳልፈው፣ እስከ 2006 ድረስ «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ተረት ነገሩ። በጁላይ 2017 በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ ያለቀሱት በአብዛኛው ራሳቸው የልጅ አባቶችና እናቶች የሆኑ ሰዎች ነበሩ። አሜሪካዊው ተመልካች የልጆች አቅራቢውን ሚስተር ሮጀርስን «ጎረቤት» አድርጎ ነው የተቀበለው፤ እኛ «አባባ» አልን። ጎረቤት ቢያሳፍር ቤት ይቀየራል፤ አባት ሲያሳፍር ግን ምን ይደረጋል? እንግዲህ «እንዲህ ዓይነት ሰው ላይ መሳቅ ነውር ነው» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ተመልካች ፊልም አይገባውም ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ቃሉ ራሱ ነው የሚያስጮኸው።

ነገር ግን የአባባ ተስፋዬ ሕይወት ራሱ ሙግቱን ግማሽ መንገድ ይመልሰዋል። ሰውየው ልጆች ፊት ከመቅረባቸው በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ፤ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ወክለው ተጫውተዋል፤ ኮሪያ ለዘመተው የቃኘው ጦር ዘማቾችም ትርኢት አቅርበዋል። ወታደርን ያሳቀ ቀልድ ለሕፃን የሚነገር ዓይነት እንደማይሆን መገመት ይቻላል። የሽማግሌ ደግነታቸው በዓመታት ልምምድ የተገራ ጥበብ ነበር ማለት ነው፤ ጥበብ መሆኑም ከውሸት አይቆጠርም። ጭምብል የለበሰ ሁሉ አታላይ ነው የሚለው ሐሳብ፣ የብዙ ጥቁር ኮሜዲዎች የተደበቀ እምነት፣ እዚህ ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ጭምብል ሰው ለብሶት ሲኖር ፊቱ ይሆናል።

እስራኤል ውስጥ በሮሽ ሃዓይን ከተማ ለሚኖር የእኛ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። ከጎንደር ገጠር መብራት ከሌለበት ቀዬ የመጡት ወላጆች ብዙዎቹ አባባ ተስፋዬንም አላዩም፤ ለእነሱ የልጅ አጫዋች ማለት ማታ ምድጃ ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የምትባል አያት ናት። ቴሌቪዥን ያገኙት እዚህ ነው፤ በዕብራይስጥ። ልጁ ከጋን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ሲመለስ የሚያየውን አጫዋች እናትየው ቋንቋውን ሳትጨብጥ ነው ያመነችው፤ ፊቱን አይታ። ከዚህ የበለጠ ድፍን አደራ አይገኝም። ይህች ከተማ ደግሞ ልጅን ለማያውቁት ሰው አምኖ መስጠት ምን እንደሚያመጣ ከማንም በፊት የሰማች ናት። በ1949 እና በ1950 ከየመን የመጡት አይሁዶች በሰፈሩበት በሮሽ ሃዓይን ካምፕ፣ ለሕክምና ተብለው የተወሰዱ ሕፃናት ወደ እናቶቻቸው እቅፍ አልተመለሱም፤ ሞቱ ተባለ። ነገሩ በተለያዩ ኮሚሽኖች ሲመረመር ኖሮ መንግሥት ለቤተሰቦቹ ካሣ ለመስጠት የወሰነው በ2021 ነው። ይህ ከቀልድ አጠገብ የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም። ቢሆንም እዚህ አገር «ልጆቻችሁን እኛ እናውቅላችኋለን» የሚል ተቋም ላይ መሳቅ ለምን ለአንዱ እፎይታ፣ ለሌላው ቁስል እንደሚሆን ያስረዳል።

እስራኤል ውስጥ በልጆች ጣቢያና በአዋቂ ፌዝ መሐል ያለው ግድግዳም ቀጭን ነው። በ1966 የተመሠረተው የትምህርት ቴሌቪዥን ቁልቋሉን አሻንጉሊት ኪሽካሽታን እና በ1983 የሰሰሚ ስትሪትን የዕብራይስጥ ቅጂ «ሬሖቭ ሱምሱም»ን ያስተዋወቀ ጣቢያ ነው። የአገሪቱ ታላላቅ ፌዘኞች የበቀሉበት «ዜሁ ዜ»ም በ1978 የወጣቶች ፕሮግራም ሆኖ እዚያው ጣቢያ ላይ ነበር የተጀመረው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ፣ የሰለሞን ዘመቻ ሰዎቻችንን ከኢትዮጵያ ከማምጣቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ አገሩ ሁሉ በታሸገ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሳቀው በእነሱ ነው። ጣቢያው በ2018 ተዘግቶ ቦታውን ለካን ሕኑሒት ለቀቀ። በሌላ በኩል ከ1981 ጀምሮ በየሐኑካው የሚመጣው ፌስቲጋል አለ፤ የቴሌቪዥን ኮከቦች አንድ መድረክ ላይ፣ ልጁ ወላጁን ጎትቶ፣ ወላጁ ኪሱን ዳብሶ። ፌስቲጋልን ያየ ሰው የስሙቺ ጣቢያ አለቆች ለምን አውራሪሱን እንደሚያልቡት ማብራሪያ አያስፈልገውም። እዚህ ያለ ተመልካች ለጥቁር ኮሜዲው እንግዳ አይደለም ለማለት ነው።

እንግዲህ መለኪያውን ይዘን የፊልሙን መክፈቻ እንየው። ራንዶልፍ ገንዘቡን የሚቀበለው ከባልና ሚስት ነው፤ ልጃቸው ካሜራ ፊት እንዲቆም ይፈልጋሉ። ገንዘቡ እጅ ሲነካ ባልና ሚስቱ የፌዴራል ፖሊስ ሆነው ይገኛሉ። ሐያሲዎች ይህን ትዕይንት እንደ ታሪክ መንደርደሪያ አልፈውታል፤ ለእኔ ግን የፊልሙ ቁልፍ እዚህ ነው፣ ድክመቱም እዚሁ። ጉቦ የሚሰጥ ወላጅ መኖሩን ፊልሙ ያውቃል፤ ባያውቅ ወጥመዱ ባልተሠራ። ሆኖም እውነተኛውን ወላጅ ሊያሳየን ሲደርስ የፖሊስ መታወቂያ አውጥቶ ይሰጠዋል። ልጁን ለታዋቂነት የሚሸጥ አባት፣ ጓደኛዋን ለመብለጥ ስትል ፖስታ የምታቀብል እናት ፊልሙ ውስጥ ፊት የላቸውም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ወሮበላ ከወሮበላ ሲተኳኮስ ያልፋል። ትኬት የሚገዛው ወላጅ ስለሆነ ወላጁን ማስቀየም አልተፈለገ ይሆን? ጨለማው በዛ የሚሉት ሰዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ፊልሙ ጨለማው ጠቃሚ በሆነበት ቦታ ላይ ደርሶ መብራት አበራ።

ፊልሙ ጥሩ የሚሆንበት ቦታም አለ፤ ጠላቶቹ ይህን ባለማየታቸው ፍርዳቸው ይጎድላል። ራንዶልፍ የልጆቹን ኩኪስ በወንድ ብልት ቅርጽ በተጋገረ ኩኪስ ያስለውጠዋል። ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ሼልደን አውጥቶ ያየዋል፤ ለቅጽበት ያህል ፊቱ ይደርቃል፤ ወዲያው «ሮኬት ነው!» ይላል። በአንድ ቃል ልጆቹ ሮኬት አዩ። ይህ ተራ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የሙያው ምሥጢር በሙሉ እዚያ አለ። አዋቂው ያየውን ነገር ልጁ ዘንድ ሳያደርስ፣ ልጁንም ሳይዋሽ ሳይሰብክ፣ ሌላ ዓለም ከፍቶ የሚያሳልፍ ሰው። ራንዶልፍ ግን «ሮኬት አይደለም!» እያለ በቁጣ ሮጦ ይገባል። ከሁለቱ ማን ልጆቹን ጎዳ? እውነቱን የተናገረው። ይህ ትዕይንት ፊልሙ የዋሁን ሰው ይንቃል ለሚሉት በቂ መልስ ነው።

ሁለተኛው ትዕይንት ራንዶልፍ ሼልደንን አታሎ የናዚዎች ስብሰባ ላይ እንዲዘፍን ያደረገበት ነው። አሜሪካዊው ተመልካች ይህን ከቅጥ ያለፈ ቀልድ ብሎ ሲያልፈው፣ እስራኤል ውስጥ የሚያየው ሰው መቀመጫው ላይ መቆናጠጡ አይቀርም፤ መስቀለኛው ምልክት እዚህ ማስጌጫ አይደለም። ሆኖም የሚሳቀው በናዚዎቹ ጉዳይ አይደለም። ትናንት ሲያፈቅረው ያደረ ሕዝብ ዛሬ አንድ ምስል አይቶ፣ «ማን ጠራህ? ምን ብሎ ጠራህ?» ብሎ ሳይጠይቅ፣ አውራሪሱን ይተፋዋል። ሳይጠይቅ የሰጠውን አደራ ሳይጠይቅ ነጠቀ። ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ መራራው ይህ ነው፤ ወላጅን የሚነካው ብቸኛው ቦታም ይኸው ነው።

ከወዳጆቹ በኩል የሚነሣው ትልቁ መከራከሪያ «ፊልሙ ከዘመኑ ቀደመ» የሚል ነው። መሠረት የለውም አይባልም። የቢቢሲው ጂሚ ሳቪል «ጂምል ፊክስ ኢት» በተባለ ፕሮግራም ከ1975 እስከ 1994 የልጆችን ምኞት ሲፈጽም ታየ፤ በ2011 በክብር ተቀበረ፤ በዓመቱ የፈጸማቸው የወሲብ ጥቃቶች ተጋለጡ። በማርች 2024 የወጣው «ክዋየት ኦን ሴት» የተባለ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ በኒኬሎዲየን የልጆች ጣቢያ ፕሮግራሞች ውስጥ በልጅ ተዋንያን ላይ የደረሰውን አወጣ፤ ተዋናዩ ድሬክ ቤልም የደረሰበትን ጥቃት በራሱ አንደበት ተናገረ። ይህን ካዩ በኋላ ወደ 2002 ተመልሶ «ስሙቺ ነግሮን ነበር» ማለት ቀላል ነው። ግን አልነገረንም። ፊልሙ የተናገረው ስለ ገንዘብ ነው፤ ልጅን ስለ መድፈር አይደለም። ትንቢት ያልተናገረን ነቢይ ማድረግ ደግሞ ውለታ አይደለም። እንዲያውም በ1991 ፒዊ ኸርማን የተባለው አጫዋች በአዋቂ ሲኒማ ቤት ተይዞ ጣቢያው የፕሮግራሙን ድጋሚ ስርጭት በአንድ ጀምበር ሲያነሣው፣ በልጅ ላይ አንዳች ጥፋት አልተገኘበትም ነበር። ሳቪል ተከብሮ ኖረ፤ ፒዊ ተባረረ። የሕዝብ ቁጣ ጭምብሉ ሲወልቅ እንጂ አደራው ሲበላ እንደማይቀሰቀስ ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ይፈለጋል?

የዚሁ ዘር የሆኑ ሌሎች ሥራዎችም ስላሉ እግረ መንገዴን ልንካቸው። ፒተር ጃክሰን በ1989 በሠራው «ሚት ዘ ፊብልስ» አሻንጉሊቶቹ ይሰክራሉ፣ ያመነዝራሉ፤ ከማስደንገጥ ያለፈ ነገር የለውም። «ዘ ሀፒታይም መርደርስ» በ2018 ሲወጣ የሰሰሚ ስትሪት ባለቤቶች በማስታወቂያው ላይ ከሰሱ፤ ዳኛው አልተቀበላቸውም፤ ተመልካቹም ፊልሙን አልተቀበለም። በተቃራኒው «አቬኑ ኪው» የተባለው የአሻንጉሊት ሙዚቃዊ ድራማ በ2004 የቶኒን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። ልዩነታቸው የስድብ መጠን አይደለም። «አቬኑ ኪው» የሚስቀው በሰሰሚ ስትሪት ያደጉ ልጆች አድገው ኪራይ መክፈል ሲያቅታቸው ነው፤ «ልዩ ናችሁ» ብሎ ያሳደጋቸው ቃል ላይ። አሻንጉሊቱን አላዋረደም፤ ቃሉን መረመረ። ባርኒ የተባለው የልጆች ቴሌቪዥን ዳይኖሰር ባለቤቶችም፣ በአሜሪካ የስፖርት ሜዳዎች ዶሮ መስሎ የሚቀልድ ሰው እንደ ባርኒ የለበሰ ሰው ሲደበድብ ከስሰውት ነበር፤ በ1999 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፌዝ ነውና ይፈቀዳል አለ። ሕጉ ከተቆጣው ተመልካች ይልቅ ለፌዘኛው አዝኗል።

በተመልካቹ ቁጣ ውስጥ የዊሊያምስ ድርሻ ለብቻው መታየት አለበት። በ1993 «ሚሲስ ዳውትፋየር»ን ያየ ሰው ፊልሙ እንዴት እንደሚያልቅ ያስታውሳል፤ ልጆቹን ያጣው አባት በአሮጊት ልብስ የልጆች ቴሌቪዥን አቅራቢ ሆኖ፣ ወላጆቻቸው የተለያዩባቸውን ልጆች ያጽናናል። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ፊት፣ ያው ድምፅ የልጆች አጫዋች ሆኖ ይሳደባል፤ ባላንጣውን ለማጥፋትም ያሴራል። ተመልካቹ በፊልሙ ብቻ አልተቆጣም፤ አባቱ የሰደበው ያህል ነው የተሰማው። በ2014 ዊሊያምስ ሲሞት ደግሞ ያው ተመልካች ተመልሶ ራንዶልፍን ሲያይ፣ ከስካሩ ጀርባ የተጣለ ሰው ሐዘን አየ። ፊልሙ ያው ነው፤ አንድም ክፈፍ አልተለወጠም።

የ«ስሙቺ»ን ጉድለት የሞላው ሥራ ዘግይቶ መጣ። በ2018 የጀመረውና ሁለት ምዕራፍ የቆየው «ኪዲንግ» ጂም ኬሪን ሚስተር ፒክልስ የሚባል የልጆች አቅራቢ አድርጎ ያሳያል፤ ልጁ ሞቶበታል፤ ስለ ሞት ለልጆቹ መናገር ይፈልጋል፤ የፕሮግራሙ ኃላፊ ምርቱን ያበላሻል ብሎ ይከለክለዋል። ዱላው ያረፈው ደግነትን በሸቀጥ በሚለውጠው ላይ ነው። ይኸኛውም ጨለማ ነው፣ እንዲያውም ከስሙቺ የከፋ ጨለማ፤ ግን «ነውር» ብሎ የጮኸበት ሰው ብዙ አይደለም።

«ልጅ ቢያየውስ?» የሚል ተቃውሞ ይቀራል። ስሙቺ ለልጅ የተሠራ አይደለም፤ አሜሪካም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ እንዳይገባ ከልክሎታል። ግን ተቃውሞው ከዚህ የጠለቀ ነው፤ የልጅነት ዓለም ንጹሕ ነውና አዋቂም ቢሆን በፌዝ አይግባበት የሚል። ይህ እምነት ከአማርኛ ተረት አልተወለደም። የእኛ ጅብ አህያ ይበላል፤ ጦጣዋ ታታልላለች፤ ሞኙ በሞኝነቱ ይሞታል። የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ውስጥ ብልግና ያልነካው ስንቱ ነው? እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጆቻችንም ቀልዶቹን እየሰሙ አደጉ። ለስላሳ፣ ሁሉ ነገር ሮዝ የሆነበት የልጅነት ዓለም የቴሌቪዥን ፈጠራ ነው፤ አሻንጉሊት ስለሚሸጥ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ፕሮግራም በ2006 ሲጀመር ቀጭኔዋ ፀሐይ ልጆችን ስለ እጅ መታጠብ ጭምር ስታስተምር ተወደደች፤ ያ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱንም ለማክበር ዓለም ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አያስፈልግም። «የእኛ ሰው ራሱ ላይ መሳቅ አለመደም» የሚለውስ? የእኛው ኮሜዲያን ዮሲ ቫሳ ከባልደረባው ጋር የፈጠረው «ነብሱ»፣ ኢትዮጵያዊ ባልና አሽከናዚት ሚስት ላይ የተሠራው ኮሜዲ፣ በ2018 የዓለም አቀፉን ኤሚ ያገኘው ከእኛው ጓዳ በወጣ ቀልድ ነው።

እንግዲህ ወደ አውራሪሱ። ፊልሙ ሲያልቅ ባላንጣዎቹ ታርቀው አብረው መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ወሮበሎቹም ዋጋቸውን ያገኛሉ። መብራቱ ደማቅ ነው፣ ሙዚቃው ሞቅ ያለ ነው፣ ጭብጨባው አያባራም። አዳራሹ ሞልቷል፤ በየመቀመጫው ከልጁ አጠገብ አንድ ትልቅ ሰው አለ። ካሜራው አንዱንም ቀረብ ብሎ አያሳየንም።